ቺዝ የተሞላ ሳንድዊች ብስኩት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋም ሐረርም ስለዚህ ብስኩት ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ሰብስቤ፣ ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ቺዝ ብስኩት የምንለው ውስጡ ምን ምን አለው?

ሁለት ስስ ብስኩት ነው፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ክሬም ተቀብቷል። ብስኩቱ ከነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከጨው፣ ከትንሽ ስኳርና ሊጡን ከሚያነሳ ዱቄት ይሠራል። ክሬሙ ደግሞ ዘይት፣ የደረቀ የአጓት ወይም የወተት ዱቄት፣ የቺዝ ዱቄት፣ ጨውና ቀለም ነው።

የይዘት ዝርዝር ሲጻፍ ብዙ የገባው ይቀድማል፣ ጥቂት የገባው ይከተላል። ከፊት ያሉትን ሦስት ስሞች ብቻ ብታነቡ ብስኩቱን ግማሽ ያህል አወቃችሁት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዱቄቱና ዘይቱ ከላይ ናቸው፤ ቺዝ የሚለው ቃል ወደ ታች ይወርዳል። ፊት ለፊት የተሳለው ግን ትልቅ ቁራጭ ቺዝ ነው። ሰው ሁሉ ፓኬቱን ገልብጦ ጀርባውን እንዲያይ የምለምነው ለዚህ ነው።

አንድ ፓኬት ስንት ካሎሪ አለው?

እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ግን ብዙ አይራራቅም። 100 ግራም ብስኩት ከ470 እስከ 500 ካሎሪ ይይዛል። 6 ብስኩት ያለው ትንሹ ፓኬት 40 ግራም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 200 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ቅባቱ ከ8 እስከ 10 ግራም፣ ዱቄትና ስኳሩ ተደምሮ 24 ግራም ገደማ፣ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው 1 ግራም እንኳ አይሞላም።

ለማነጻጸር፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ 70 እና 80 መሃል ነው። ሙዝና እንቁላል አብራችሁ ብትበሉ ካሎሪው ከፓኬቱ ያንሳል። ሆዳችሁ ግን እስከ ምሳ ይታገሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ፓኬት ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው ለሙሉው ፓኬት ሳይሆን "ለአንድ ጊዜ" ተብሎ ለ3 ብስኩት ነው። 100 ካሎሪ የሚል አይታችሁ ስድስቱንም ከበላችሁ 200 በልታችኋል።

መሃሉ ላይ ያለው እውነት አይብ ነው?

የኛ አይብ አይደለም። አይብ ቅቤው ወጥቶለት ከቀረው አሬራ የሚሠራ ነው፤ ብዙው ውኃ ነው፣ ፕሮቲኑ በ100 ግራም 14 ግራም ገደማ ይደርሳል፣ ጨው ካልጨመርንበት ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ አስቀምጡትና እዩ፤ በድሬ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል።

የብስኩቱ ክሬም ወራት ይቀመጣል። ለምን? ውኃ የለውም። ቺዙ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ከዘይት ጋር ነው የተመታው። ውኃ በሌለበት ባክቴሪያ አይራባም። ቺዝ በውስጡ አለ ማለት ውሸት አይደለም፤ ግን ክሬሙን ክሬም ያደረገው በዋናነት ዘይቱ ነው።

ቺዝ ካለው ፕሮቲንና ካልሲየም ይሰጠኛል አይደል?

ይሰጣል፤ ትንሽ። ከሙሉ ፓኬት የሚገኘው ፕሮቲን 3 ወይም 4 ግራም ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙው ከስንዴው የመጣ ነው። አንድ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ይሰጣል። ካልሲየሙም ከአንድ ብርጭቆ ወተት ግማሽ አይደርስም።

"ልጄ ወተት አይወድም፣ ስለዚህ ቺዝ ብስኩት እሰጠዋለሁ" የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ሐሳባቸው ገብቶኛል። ግን ብስኩቱ የወተትን ቦታ አይሞላም። ወተት ለማይወድ ልጅ እርጎ በትንሽ ማር ይሞከር። የግመል ወተት የለመደ ቤት ካለም እሰየው፤ አፍልታችሁ ስጡት።

ጨዉስ? የደም ግፊት ያለበት ሰው ይብላው?

በዚህ ብስኩት እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጨዉ ነው፤ ከስኳሩም ከዘይቱም በላይ። ምክንያቱም አይቀመስም። ምላሳችን ቅባቱንና የቺዙን ጣዕም ስለሚያገኝ ጨዉን ልብ አይለውም። ቁጥሩን ስታዩ ግን አንድ ትንሽ ፓኬት ከ300 እስከ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይይዛል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል።

ፓኬቱ "ሶዲየም" ብሎ ከጻፈ ቁጥሩን በ2.5 አባዙት፤ ጨው ይሆናል። 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም 1 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ፓኬት የቀኑን አንድ አምስተኛ ጨረሳችሁ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ዳቦው ገና አልመጣም።

ግፊት ያለበት ሰው አንድ ቀን ሁለት ፍሬ ቢቀምስ አይሞትም። በየቀኑ ከሻይ ጋር ፓኬት የሚጨርስ ግን ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት በአንድ እጁ እየወሰደ በሌላው እየገፋው ነው። ድሬ ላይ "ላብ ስለሚያልበን ጨው ያስፈልገናል" የሚል ክርክር ሁልጊዜ እሰማለሁ። ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ጨው ያጣል፤ እውነት ነው። ሱቅ ውስጥ ፋን ሥር ለተቀመጠ ሰው ግን ይሄ ምክንያት አይሆንም። ለላቡም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃ ነው።

ጨው ጨው ይላል፤ ስኳርም አለው እንዴ?

አለው። በብስኩቱም በክሬሙም ውስጥ ይገባል። በ100 ግራም ከ5 እስከ 15 ግራም የሚደርስ አለ። ከጣፋጭ ብስኩት ያንሳል፤ ግን ባዶ አይደለም። ደግሞ ብዙዎቻችን የምንበላው ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባበት ሻይ ጋር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፤ ሻዩ ብቻውን 12 ግራም ሆነ። ስኳር መቀነስ የፈለገ ሰው ከብስኩቱ በፊት ከብርጭቆው ይጀምር።

ዘይቱ ምን ዓይነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት ነው፤ እኛ "የሚረጋው ዘይት" የምንለው። ሐረር ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ የሚገኘው፣ ድሬ ላይ ግን ውኃ መስሎ የሚንቦጫረቀው ማለት ነው። ፋብሪካ የሚወደው ክሬሙን ስለሚያቆምለት ነው። ፈሳሽ ዘይት ቢሆን ክሬሙ ከመሃል ይፈስ ነበር።

ይህ ዘይት ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ይበዛበታል። ይህ ቅባት ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። ማሸጊያው ላይ ከጠቅላላ ቅባት ሥር ለብቻው ይጻፋል። ሁለት ዓይነት ብስኩት ይዛችሁ ከተቸገራችሁ በዚህ ቁጥር አወዳድሩና ያነሰውን ውሰዱ።

"ትራንስ ፋት 0" ይላል። ልመነው?

በከፊል። ትራንስ ፋት የሚፈጠረው በዋናነት ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን በከፊል ሲያረጉት ነው። ለልብ ከሁሉ የከፋው ቅባት እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ሁሉ ከምግብ እንዲያስወጡት በ2018 እ.ኤ.አ. ጥሪ አድርጓል፤ አሜሪካም ምንጩ የሆነውን ዘይት ከምግብ እንዲወጣ በ2015 ወስናለች።

ነገር ግን በአሜሪካ የአጻጻፍ ደንብ፣ በአንድ ጊዜ መጠን ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ "0" ብሎ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። የይዘት ዝርዝሩ ውስጥ "በከፊል ሃይድሮጅን የገባበት ዘይት" የሚል ካለ መልሱት። ከሌለ ይህ ስጋት ቀለል ይላል፤ የጨዉና የሳቹሬትዱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው።

ጽሑፉ በአረብኛ ወይም በቱርክኛ ነው። እንዴት ላንብበው?

ቀፊራ ገበያም ሆነ መጋላ ብትዞሩ ከጅቡቲ በኩል የገባ ብስኩት ሞልቷል፤ ብዙው አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም የሌለው አለ። ደግነቱ እኛ ጋ አረብኛ የሚያነብ ሰው ከሰፈር አይጠፋም። ቁርዓን ቤት የሚሄድ የጎረቤት ልጅ ጠርታችሁ ማስነበብ ትችላላችሁ። እኔ እንደዛ አድርጌ አውቃለሁ፤ የ9 ዓመት ልጅ በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበልኝ።

የሚያስፈልጓችሁ ቃላት ጥቂት ናቸው። "ጣቃ" ጉልበት ወይም ካሎሪ ነው። "ዱሁን" ቅባት ነው፤ "ሙሸበዓ" የሚል ከተከተለው ሳቹሬትዱ ነው። "ሱከር" ስኳር፣ "ሚልሕ" ጨው፣ "ሶድዩም" ሶዲየም። "ሐሊብ" ወተት ነው፤ ግእዝ ለተማረ ሰው ቃሉ አዲስ አይሆንበትም። በቱርክኛ "ያግ" ተብሎ የተጻፈው ዘይትና ቅባት፣ "ቱዝ" ጨው፣ "ሸከር" ስኳር፣ "ሱት" ወተት ነው።

ቁጥሮቹን በተመለከተ ከነዚህ አገሮች የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በ100 ግራም ይጻፋል። ጉልበቱ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፤ 2000 የሚጠጋው ኪሎጁል ነው፣ 480 ወይም 490 የሚለው ካሎሪ ነው። "ሁለት ሺህ ካሎሪ!" ብላ የደነገጠች ጎረቤት አለችኝ። ኪሎጁሉን በ4 ገደማ ብታካፍሉት ካሎሪው ይወጣል።

ለልጄ በየቀኑ ምሳ ዕቃው ውስጥ ልክተትለት?

በየቀኑ አይሆንም እላለሁ። ለምን እንደሚመረጥ ግን አውቃለሁ። ጠዋት ነው፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፣ ልጁ አንድ እግሩን ጫማ አላጠለቀም። ፓኬት አንስቶ ቦርሳ ውስጥ መወርወር አምስት ሰከንድ ነው። ማንም እናት በዚህ ልትወቀስ አይገባም።

ችግሩ ልጅ ትንሽ ሆድ ነው ያለው። 200 ካሎሪ በብስኩት ከሞላ ለምሳ ቦታ የለውም። የቀኑ የጨው ልኩም ከአዋቂ ያነሰ ስለሆነ ያቺ አንድ ፓኬት ለሱ ትከብዳለች። ደግሞ አሰር ስለሌለው በብስኩትና በዳቦ ብቻ የሚውል ልጅ ሆዱ ይደርቃል፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ የሚያለቅሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም።

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሁን፣ ግማሽ ፓኬት ይሁን፣ ከሱ ጋር ፍራፍሬ ይኑር። በኛ አገር ይሄ ከባድ አይደለም። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ጊሽጣው በየወቅቱ ይመጣል። ማታ የተቀቀለ እንቁላልም ጠዋት ጊዜ አይወስድም። አንዲት የማውቃት የሳቢያን ሰፈር እናት እሁድ ማታ አምስት ትንንሽ ላስቲክ ውስጥ የተቆላ ገብስና ሽምብራ ታዘጋጃለች፤ ለየቀኑ አንድ። ጠዋት እሷም የምታነሳው በአምስት ሰከንድ ነው።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ይሰጣል?

ከ1 ዓመት በታች አይሰጥ። ጨዉ ለኩላሊታቸው ይበዛል። ከዚያ በላይም ቢሆን 2 ዓመት እስኪሞላው ባይለምደው ይመረጣል። ትንንሾች ሲሮጡ ወይም ሲስቁ አፋቸው ውስጥ እንዳይኖር፤ ደረቁ ፍርፋሪ ያንቃል። ተቀምጠው፣ ውኃ አጠገባቸው ሆኖ ይብሉ።

የድሬ ሙቀት ያበላሸዋል?

ያበላሸዋል፤ ግን እንደ ሥጋ ወይም ወተት አይደለም። የሚበላሸው ዘይቱ ነው። ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው አየር እየበላው ይሄዳል፤ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። ይሄ ቀኑ ሳያልፍም ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ቀኑን የጻፈው ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል ብሎ ነው። ማሸጊያው ላይ ራሱ እንደዚያ ይላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይ የሚመታው የቆርቆሮ ሱቅ ግን ቀዝቃዛ ቦታ አይደለም።

አንድ ቀን ከዚራ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ሁለት ፓኬት ገዛሁ። አንዱ የተደረደረው መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ሌላውን ባለሱቁ ከኋላ ካርቶን አወጣልኝ። ቤት ገብቼ ሁለቱንም ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። የካርቶኑ ብስኩት ንጹሕ ሆኖ ተነሳ። የመስታወቱ ግን ሲከፈት የላይኛው ብስኩት በክሬሙ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄዷል። ሳነሳው ወረቀቱ ላይ ክብ የዘይት ማኅተም ቀረ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት ሳዞረው ብርሃን ያሳልፋል። ሳሸተው አዲስ የተቀባ በር መሰለኝ። ቀናቸው አንድ ነበር።

ስለዚህ ከኋላ ካርቶን እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ባለሱቆች አይቀየሙም፤ "አቦ ችግር የለውም" ብለው ያወጣሉ። ሽታው ከተለወጠ፣ ምላስ ላይ መራራ ከሆነ ጣሉት። ክሬሙ ላይ ነጭ ነጭ ብቻ ከታየና ሽታው ደህና ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ቀልጦ መልሶ የረጋ ቅባት ነው። የሐረር ሰው በዚህ በኩል ይሻለዋል፤ አየሩ ይረዳዋል።

ቀኑ 05/06/2026 ይላል። መቼ ነው የሚያልፍበት?

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። መጀመሪያ ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀጥሎ ከየት እንደመጣ እዩ። ከአረብ አገር፣ ከቱርክ ወይም ከአውሮፓ ከሆነ ቀን ይቀድማል፤ ጁን 5 ነው፣ በኛ ግንቦት 28 ቀን 2018። የአሜሪካ ከሆነ ወር ይቀድማል፤ ሜይ 6 ይሆናል፣ በኛ ሚያዝያ 28 ቀን 2018። የአንድ ወር ልዩነት አለው። የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ ቀደም ያለውን ያዙ።

አረብኛው ላይ "ኢንታጅ" የተመረተበት ነው፣ "ኢንቲሃእ" የሚያበቃበት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ የተመረተበትን አይቶ "አልፎበታል" ብሎ የሚመልስም፣ የተገላቢጦሹን የሚያደርግም አይቻለሁ። ቀኑ በስቲከር ተሸፍኖ ወይም ተፍቆ ከሆነ አትግዙት።

ለጾም ይሆናል?

አይሆንም፤ የፍስክ ነው። ቺዝና የወተት ዱቄት አለው። "የቺዝ ጣዕም" ብቻ የሚል ቢሆንም ብዙውን ጊዜ አጓት ወይም ላክቶስ ይገባበታል፤ ሁለቱም ከወተት ናቸው። ሁዳዴ ላይ ክራከር ያማራችሁ ክሬም የሌለውን ደረቁን ውሰዱ፤ እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን አይታችሁ። አንዳንዱ ቅቤ ወይም ወተት አለበት።

ሐላል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የሚያጠራጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቺዙን ያረጋው ነገር ነው። ወተት የሚያረጋው ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ሊሆን ይችላል፣ ከረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠራም አለ። ሁለተኛው ኢ471 (ፓኬቱ ላይ E471) የሚባለው ማዋሃጃ ነው፤ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ይሠራል። ኢ322 ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ነው፣ ኢ500 ደግሞ ሶዳ ነው።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሐላል ወይም ሐራም ማለት አይቻልም። ፓኬቱ ላይ የሐላል ማረጋገጫ ምልክት ፈልጉ፤ ወይም "ከአትክልት የተገኘ" የሚል ጽሑፍ። ሁለቱም ከሌለ የምታምኑትን ሼኽ ጠይቁ። በዚህ እኔ ፈራጅ አይደለሁም።

ቢጫው ቀለም ልጆችን ያቅበጠብጣል ይባላል። እውነት ነው?

የትኛው ቀለም እንደሆነ ይወስናል። ኢ160ሲ ከበርበሬ፣ ኢ160ቢ ከአናቶ ፍሬ የሚወጡ ናቸው፤ በዚህ አይታሙም። ኢ102 እና ኢ110 ግን ሰው ሠራሽ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ እነዚህ ያሉበት ምግብ በልጆች ንቃትና ትኩረት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው እንደሚችል ፓኬቱ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ሁሉም ልጅ ይቅበጠበጣል ማለት አይደለም። ሁለት ብስኩት ፊቴ ቢቀርብልኝ ግን ለልጅ የበርበሬውን እመርጣለሁ።

ከለውዝ ይሻላል ወይስ ለውዝ ይሻላል?

ለውዝ። እዚህ ላይ አልጠራጠርም። በካሎሪ ካያችሁት ለውዝ ይበልጣል፤ 40 ግራም ለውዝ 225 ካሎሪ ገደማ ነው። ግን 10 ግራም ፕሮቲን፣ ከ3 ግራም በላይ አሰር ይሰጣል፣ ቅባቱም ብዙው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ጨው ካልተነሰነሰበት ጨው የለውም። ደግሞ የባቢሌን ለውዝ ደጃችን ላይ እያስቀመጥን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብስኩት መግዛታችን ያሳዝነኛል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የመረረውን ለቅማችሁ ጣሉ። ለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ብስኩቱም ላይ "በለውዝ መሥመር ላይ የተመረተ" የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳለ እዩ።

ወተት ሆዴን ይነፋኛል። ይሄን ልብላ?

ወተት ሲጠጣ የሚነፋው ሰው ችግሩ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። ክሬሙ ውስጥ አጓት ስላለ ላክቶስም አለ፤ መጠኑ ግን ከአንድ ብርጭቆ ወተት በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ጥቂት ፍሬ ያለ ችግር ይበላል። በሁለት ፍሬ ሞክሩ።

የወተት አለርጂ ግን ሌላ ነው። ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አንድም ፍሬ አይንካ።

እርጉዝ ነኝ፤ ጠዋት ከዚህ በቀር የሚቀመጥልኝ የለም።

ብዪው። ደረቅና ጨው ያለው ብስኩት የጠዋት ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፤ ከአልጋ ሳትነሺ ሁለት ፍሬ ጠቃሚ ነው። ለእርጉዝ የሚከለከለው ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ ነው፤ ይሄ እዚያ ውስጥ አይገባም። ግፊትሽ ከፍ ካለ ወይም እግርሽ ካበጠ ግን ለሐኪምሽ ንገሪና ጨው ወደሌለበት ደረቅ ብስኩት ወይም ዳቦ ዙሪ። ማስታወኩ ውኃ እንኳ ከከለከለሽ ጉዳዩ ከብስኩት አልፏል፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ከሰዓት ስቅም ቆይቼ ራት አይበላልኝም። ብስኩት በሻይ ራት ይሆናል?

አይሆንም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ሰውነታችሁ አልጠገበም፤ ረሃቡ ነው የተደበቀው። ቀን የጎደለውን ፕሮቲን ከብስኩቱ አታገኙትም፤ ጨዉም ጥማቱን ያባብሰዋል። የሚዋጥ ነገር ምረጡ፦ የምስር ሾርባ፣ ፉል በዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከእንቁላል ጋር። ትንሽም ቢሆን።

ስኳር በሽታ አለብኝ። ስኳሬ ሲወርድ ቺዝ ብስኩት ልብላ?

በጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። እንደ መክሰስ ከሆነ፣ ነጭ ዱቄት ስለሆነ ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ "ጨው ጨው ስለሚል ለኔ ይሆናል" የሚለው ስሕተት ነው። አንድ ፓኬት 24 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሐኪማችሁ ከሰጣችሁ ልክ ውስጥ ቁጠሩት።

ስኳር ወርዶ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ ግን ብስኩቱ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ቅባቱ ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያዘገየዋል፤ እናንተ ደግሞ ጊዜ የላችሁም። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፦ ውኃ ውስጥ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፤ ዳይት ያልሆነው። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ቺዝ ብስኩት ወይም ቁራጭ ዳቦ መልሶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም በአፉ አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በባጃጅም ቢሆን ሐኪም ቤት አድርሱት።